በሁዳዴ የተማርኩት ክራር

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም። ከትምህርት ቤት ዘመኔ ብዙውን ነገር ረስቻለሁ፤ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የፈራሁትን ፍርሃት ግን አልረሳሁትም። አሁንም አንዳንዴ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ስቀመጥ ያው ፍርሃት ይመለስብኛል።

ነገሩ የጀመረው ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የሙዚቃው መምህር ደረጃው ላይ ወጡ። የትምህርት ቤታችን ባንድ አባላት ብዙዎቹ ስምንተኛን ጨርሰው ስለሄዱ አዲስ ተማሪዎች እንደሚፈለጉ ነገሩን። ከበሮ ሁለት ሰው፣ ዋሽንት አንድ፣ ክራር አንድ። ማጣሪያው ከፋሲካ በኋላ ትምህርት በተጀመረ በማግስቱ ይሆናል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሯችንን እየቆረጠው ሁላችንም ሹራባችን ውስጥ ተኮራምተን ቆመናል። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

ክራር ትንሽ ትንሽ እችል ነበር። ይህን የሚያውቁት አክስቴ፣ እናቴና አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ናቸው። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት እንኳ የማይሆንልኝ ልጅ ነበርኩ። መልሱን እያወቅሁ እጄን ስላላወጣሁ "ደካማ" የሚል ስም ወጥቶልኛል። ባንዱ ግን ስንት ጊዜ በመስኮት አይቼዋለሁ። ክራር የሚጫወተው ልጅ አንዲት ቃል አይናገርም። አንገቱን ደፍቶ ክሩን ይነካል፤ ሰው ሁሉ ግን እሱን ይሰማዋል። ሳልናገር ሰው መሃል መሆን የምችልበት ሌላ ቦታ በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ አልነበረም። ያቺን አንዲት የክራር ቦታ ከምንም ነገር በላይ ፈለግኋት፤ በዚያው ልክ ደግሞ ፈራኋት።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ትኖራለች። በወጣትነቷ ሞቃቷ ዴራ እያለች የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ክራር ተጫዋች ነበረች። ክራሩ ከእሷ ጋር አርጅቷል። እኔን ያስተማረችኝም ደስ ባላት ቀን ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ክራር አትጠላም፤ የምትጠላው ሰው ፊት መጫወትን ነው። "ከዚህ ቤት አዝማሪ አይወጣም" ትላለች። ከጓሮ ድምፁ ሲሰማ ግን ያልሰማች መስላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

"እቴቴ፣ ትምህርት ቤት ማጣሪያ አለ" አልኳት።

"የምን?"

"የክራር። ለባንድ።"

"ማን ሊጫወት?"

"እኔ።"

ምስሩን ትታ ቀና አለች። "አንቺ? ሱቅ ሄደሽ 'ጨው ስጡኝ' ለማለት ጎረቤት ልጅ የምትልኪው አንቺ?" አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ሳቋ ሲበርድ "መቼ ነው?" አለችኝ።

"ከፋሲካ በኋላ፣ ትምህርት በተጀመረ በማግስቱ።"

ፊቷ ተለወጠ። "ሰኞ እኮ ሁዳዴ ይገባል" አለች።

በእኛ ቤት የቅበላ ለት ማታ የዘፈን ነገር ሁሉ ያበቃል። ሬዲዮው ዘፈን ሲጀምር ይዘጋል። ክራሩም ከግድግዳው ይወርድና ክሮቹ ሁሉ ይላላሉ፤ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ ይሰቀላል። እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም። በሁሉ ነገር የምትቀልደው አክስቴ በዚህ አትቀልድም። ኪነት ውስጥ በነበረችበት ዘመን በጾም ቀን መድረክ ላይ አስወጥተዋት ያውቃሉ፤ ያንን እስከ ዛሬ ስታነሳ ድምጿ ይቀንሳል። እንድታስጠናኝ ልለምናት አልደፈርኩም። ያን እሁድ ክሮቹን ስታላላ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። እያንዳንዱ ክር እየረገበ ሲሄድ ቦታዬ አብሮ ከእጄ የሚወጣ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በጣቴ ብቻ ኖርኩ። ሽሮ ሳማስል የግራ እጄ ጣቶች ቀሚሴ ላይ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቆሜ ጣቶቼ ነጠላዬ ሥር ሲንቀሳቀሱ አገኛቸዋለሁ፤ ደንግጬ እጨብጣቸዋለሁ። እንዳልረሳው እፈራለሁ፤ እንዲህ በማድረጌ ጾሙን እንዳላፈርስም እፈራለሁ።

አንድ ቀን አክስቴ የበሩን ጠርዝ እንደ ክራር ይዤ ጣቶቼን ሳነሳና ስጥል ደረሰችብኝ። ብዙ ሰዓት ሳትቆም አልቀረችም።

"ነይ ግቢ" አለችኝ።

ከበሩ ጀርባ ክራሩን አወረደች፤ ነጠላውን ፈታች። ክሮቹ እንደላሉ ናቸው። አንዱን በጣቷ ነካችው፤ "ሸር" ብሎ ዝም አለ።

"ሰማሽው? ድምፅ ካላወጣ ክራር አይደለም። እንጨትና ቆዳ ነው። እንጨት መንካት ደግሞ አያስገድፍም" አለች። እኔን ለማሳመን ይሁን ራሷን ለማሳመን አላውቅም። ቀጥላም "ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አለችኝ።

እንዲህ ሆኖ በረገበ ክር መለማመድ ጀመርኩ። ክራር በቀኝ እጅ ሲገረፍ የግራ እጅ አምስቱም ጣቶች ክሮቹ ላይ ተኝተው ድምፃቸውን ያፍናሉ፤ የሚፈለገው ድምፅ የሚወጣው ጣት ከክሩ ላይ ሲነሳ ነው። በረገበ ክር ግን ጣት ተነሳም ተኛም የሚሰማው ያው "ሸር፣ ሸር" ነው። ስለዚህ አክስቴ ጆሮዋን ትታ ጣቶቼን በዓይኗ ትከተላለች።

"ሌባ ጣትሽ ተኝቷል። ቀስቅሺው!"

"ነቅቷል እቴቴ።"

"ነቅቶ ነው የሚያንኮራፋው? ድገሚ። ጆሮሽን እርሺው፤ ጣትሽ ብቻ ይልመድ።"

የመረጥነው ዘፈን ሙሽራ ስትወጣ የሚዘፈን፣ አሰላ ውስጥ ሠርግ የበላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን ነው። ቅኝቱ ትዝታ ነው። ክራር ሲቃኝ ክሮቹ ጠብቀውና ላልተው ዘፈኑ የሚፈልገውን ድምፅ እንዲሰጡ ይደረጋል፤ ትዝታ አንዱ ነው፣ ባቲ ሌላው ነው፣ ሌሎችም አሉ። የጣቶቹ አሠራር ግን በሁሉም ያው ነው። ይህን አክስቴ በአፏ ነገረችኝ። በጆሮዬ የምሰማው ነገር ስላልነበረ ከአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ትምህርት ቤት ደግሞ ጓደኛዬ አለች። ወላጆቿ ገበያው አጠገብ ሸቀጥ የሚሸጡ ሙስሊሞች ናቸው። እሷ ለከበሮ ነበር የምትወዳደረው፤ ቤቷ የምትለማመደው ባዶ ጄሪካን ላይ ነው። ሁዳዴው ሲጋመስ ረመዳን ገባና አያቷ "በዚህ በተከበረ ወር ቤቴ ውስጥ አታንኳኪ" ብለው ጄሪካኑን ውሃ ሞሉበት። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ሁለታችንም የሚበላ ነገር አልያዝንም። የኋለኛው ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሷ በጣቷ ጫፍ ድምፅ ሳታሰማ ትመታለች፤ እኔ የዴስኩን ጠርዝ ይዤ ጣቶቼን አነሳለሁ፣ እጥላለሁ።

የክፍላችን ወንዶች አንድ ቀን ከበቡን።

"እነዚህ ሁለቱ ተለክፈዋል! አንዷን ጸበል፣ አንዷን ሼህ ጋ ውሰዷቸው!" አለ አንዱ።

"አንተን ይውሰዱህ አቦ! ባንድ ነን" አለች ጓደኛዬ።

"ባንድ? ድምፁስ የት አለ?"

"ጾም ላይ ነው።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወንዶቹ ሲሄዱ ግን ወደ እኔ ዞር አለችና "ዘፈንሽ ያምራል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አላውቅም" አልኳት። "ከእኔ ጣት ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም እኮ።"

ይህን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ፍርሃቴ ባሰ። እስከዚያ ቀን የምፈራው ሰውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጣቶቼንም መፍራት ጀመርኩ። ምን እየተማሩ እንደሆነ የሚነግረኝ የለማ።

ፋሲካ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮው ተበልቶ እንግዶቹ ሲሸኙ፣ አክስቴ ክራሩን ይዛ ወጣች። የበልግ ዝናብ ስለነበር ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ላልቷል። "ዴራ ቢሆን እኮ እንደ ብረት ደርቆ ይጠብቅሽ ነበር፤ ይሄ የእናንተ ብርድ ሰውም ክራርም ያስረጃል" እያለች ከሰል ምድጃው ዳር ይዛ አሞቀችው። ከዚያ ክሮቹን ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ ቃኘችና ሰጠችኝ።

ጣቶቼን አስቀምጬ መታሁት። ድምፁ ሲወጣ ደነገጥኩ። አንድ ሰው ከኋላዬ ድንገት በስሜ የጠራኝ ያህል ነው የደነገጥኩት። ግን ዘፈኑ ዘፈን ነበር። ከበር ሳንቃና ከዴስክ ላይ የለቀምኩት ሁሉ ዘፈን ሆኖ ወጣ። ሁለቴ፣ ሦስቴ ተጫወትኩት። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

ወዲያው ግን ክራሩን ተቀብላኝ ክሮቹን ከትዝታ አውጥታ ወደ ባቲ ቀየረቻቸውና "በይ አሁን አንቺ ቃኚው" አለችኝ።

"አልችልም።"

"የማትችዪ ከሆነ ክራሩ የእኔ ነው፤ አንቺ ተበዳሪ ነሽ።"

ፀሐይ እስክትጠልቅ ታገልኩት። ልኩ ያልገባ ክር ስነካ "ይሄ ድመት ነው" ትለኛለች። "ይሄ ደግሞ የድመቷ ባል ነው።" በመጨረሻ እንደ ነገሩ ተቃኘ። ከማጣሪያው በፊት ክራር የቃኘሁት ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ እጇን እየጠረገች ትሰማን ነበር። "ለማን ነው ይሄ ሁሉ?" አለች።

"ለትምህርት ቤት ነው፤ አስተማሪው ነው ያዘዘው" አለች አክስቴ ቶሎ ብላ።

እናቴ ክራሩን አየችው። "ክራር ተሸክማ በከተማው መሃል አትሄድም" ብላ ገባች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ከዚያ በላይም አልጠየቅናትም። እንግዲህ የምፈተነው ትምህርት ቤቱ ባለው ክራር ነው ማለት ነው።

የማጣሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው መሃል ላይ አንድ ወንበር አስቀመጡ። የሙዚቃው መምህር ከሌሎች ሁለት መምህራን ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የሚፈተነውም የማይፈተነውም ተማሪ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ተንጠልጥሏል። ጓደኛዬ ከበሮዋን ቀድማ መትታ፣ ተጨብጭቦላት፣ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

ከእኔ በፊት አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በትምህርት ቤቱ ክራር ተጫወተ። ጎበዝ ነበር። ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ እያደረገ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ። እኔ ይህን ሲያደርግ አየሁት እንጂ ለምን እንደሚያደርገው አላሰብኩም። ጉራ የሚነዛ መሰለኝ። ጨርሶ ክራሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና በጭብጨባ ወጣ።

ስሜ ተጠራ። ከወንበሩ እስክደርስ እግሬ የሌላ ሰው እግር ነበር። ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ የሚፈጭ ይመስለኛል። ክራሩ ከአክስቴ ክራር ይከብዳል። ታቀፍኩት፣ ጣቶቼን አስቀመጥኩ፣ ጀመርኩ።

የወጣው የእኔ ዘፈን አልነበረም። ሰምቼው የማላውቀው፣ የጎበጠ ዘፈን ነው። ጣቶቼ እንደተማሩት በትክክል ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ፤ ድምፁ ግን ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ማቆም ነበረብኝ። ግን ጣቶቼ ሁዳዴን ሙሉ ጆሮን ሳይጠብቁ መሄድ ለምደዋል፤ እምቢ አሉኝ። እየሰማሁ፣ እያፈርኩ፣ መጫወቴን ቀጠልኩ።

"ሙሽራዋን ገደሏት እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ እጃቸውን ሲያነሱ ጣቶቼ ቆሙ።

"ክሮቹን ሳትሞክሪ እኮ ነው የጀመርሽው" አሉኝ። "ያንቺ ዘፈን ትዝታ ነው፤ እሱ ባቲ ላይ ትቶልሽ ሄደ። ማንም ተጫዋች መጀመሪያ ክሩን ያዳምጣል።"

አንገቴን ነቀነቅሁ። በተቃኘ ክር የሚጫወት ሰው ሁሉ ያንን ያውቃል። እኔ የለመድኩት ክር ግን የሚደመጥ ነገር አልነበረውም።

"ቃኚና ድገሚ" አሉና ሰዓታቸውን አዩ።

ከባቲ ወደ ትዝታ ለመመለስ ሦስት ክር መላላት ነበረበት። የትኞቹ እንደሆኑ በፋሲካ ለት ተምሬአለሁ፤ ምን ያህል እንደሚላሉ የሚነግረኝ ግን ጆሮዬ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን አላላሁ፤ ደህና መሰለኝ። ሁለተኛውን አላላሁ፤ አለፍኩት፣ መለስኩት። ተማሪው ይስቃል፣ ዴስክ ይንጓጓል፣ የሚያፏጭም አለ። ሁለቱ መምህራን ስለ ሌላ ጉዳይ ማውራት ጀምረዋል። ጓደኛዬ በመስኮት "ሂን ሶዳቲን! አትፍሪ!" እያለች በሁለት ቋንቋ ትጮኻለች፤ እሷም ጩኸቱ ላይ ጨመረችበት። ሦስተኛውን ክር ነካሁት። ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬን ቆዳው ላይ ለጠፍኩ። አሁንም አልሰማሁም።

"እየጠበቅንሽ ነው" አሉ መምህሩ።

ያቺ ቦታ ልትሄድብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በአንድ ክር ምክንያት። ለምጄዋለሁ፣ እችለዋለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

"ዝም በሉ!" አልኩ።

ከእኔ አፍ መውጣቱን ያወቅሁት ክፍሉ ጭጭ ካለ በኋላ ነው። የሚያወሩት ሁለት መምህራን አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። ጓደኛዬ በመስኮቱ በኩል አፏን በእጇ ያዘች። የሙዚቃው መምህር ቅንድባቸውን ሰቅለው አዩኝ። ሳቁ ይሻለኝ ነበር። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

ግን ክሩን ሰማሁት። ትንሽ ከፍ ብሏል። በጥቂቱ አላላሁት፣ ነካሁት፤ ልኩ ገባ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነካሁና አዳመጥኩ። ከዚያ ጀመርኩ። ጥሩ ተጫወትኩ አልልም። አመታቴ ሁሉ የተዛነፈ ነበር። ግን ሙሽራዋ ሙሽራ ሆና ወጣች። ግማሽ ላይ ስደርስ መምህሩ "ይበቃል" አሉ። ፊታቸው ምንም አይናገርም። ክራሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ማንንም ሳላይ ወጣሁ፤ እስከ ቤት ድረስ አልቆምኩም።

ለአክስቴ ነገርኳት።

"መምህሩንም ጭምር ነው ዝም በሉ ያልሻቸው?"

"ሁሉንም።"

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ኪነት እያለሁ የቀበሌው ሊቀመንበር እያወራብኝ ስንት ቀን ክራር ቃኝቻለሁ! ይህችን ቃል ለመናገር ስመኝ አረጀሁ" አለች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ወላጅ አምጪ የምባል መስሎኝ በማግስቱ መምህሩን ባየሁ ቁጥር በሌላ በር እዞር ነበር። ደግሞም ከዚያ የባሰ ነገር ነበረ። አልፌ ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ። ተስፋ ሲጨመርበት ፍርሃት ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ውጤቱን የነገሩን ባንዲራ ሥር ነው። መምህሩ መጀመሪያ ከበሮዎቹን ጠሩ፤ ጓደኛዬ እየዘለለች ወጣች። ዋሽንቱን ጠሩ። ከዚያ ክራር አሉና ቆም ብለው ሰልፉን ቃኙት።

"ጎበዙ የስምንተኛ ልጅ ዘንድሮ ጨርሶ ይሄድብናል። የልጅቷ ስም ጠፋኝ። ያቺ 'ዝም በሉ' ያለችን ልጅ የት አለች?"

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። እግሬ አልነቃነቅ ሲል ጓደኛዬ ከፊት ተመልሳ መጥታ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ከተመረጡት ጋር ተሰልፌ ፊቴን ወደዚያ ሁሉ ሕዝብ አዞርኩ።

"ልምምድ ከሰኞ ጀምሮ ነው" አሉ መምህሩ። "በወላጆች ቀን ሜዳው ላይ ትጫወታላችሁ። እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ።"

እናቴ ከወላጆች መሃል ተቀምጣ ታየችኝ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጓደኛዬ እጄን እንደያዘች ስለነበር ተሰማት።

"ምን ያንቀጠቅጥሻል?" አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። "አለፍሽ እኮ!"

"ለዚህ ነዋ" አልኳት።